ታኬታ የሚገዛው ለእግር ነው ወይስ ለዓይን?

ታኬታ ሊገዛ ሱቅ የገባ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ «የሮናልዶ አለ?» ወይም «የሜሲ አለ?» ነው። ቀጥሎ ቀለሙ ይታያል፤ ከዚያ ዋጋው ይጠየቃል። እግሩ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። የሚከፈለው ዕዳ ግን ሁሉ እግር ላይ ነው የሚወድቀው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምክንያቱ ነው። ከውድድሩ በፊት የቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ አልተመቹትም። በማይሆን ጫማ ከመሰቃየት ባዶ እግሩን መረጠ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ታሪክ ሠራ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ድሉን ደገመው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የማይሆን ጫማ ከምንም ጫማ ሊብስ ይችላል። ኳስ ተጫዋች ግን የአበበ ምርጫ የለውም፤ የጨዋታው ሕግ ጫማን ግዴታ ያደርጋል። ስለዚህ ያለው አማራጭ በደንብ መምረጥ ብቻ ነው።

በየሰፈሩ ትልቁ ስህተት «ያድግበታል» የሚባለው ነው። ወላጅ ታኬታውን ሁለት ቁጥር አስበልጦ ይገዛል፤ ለከርሞም እንዲሆን። ኑሮ ውድ ነውና ሐሳቡ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጁ ሮጦ ድንገት ሲቆም እግሩ ወደፊት ይንሸራተታል፤ ጣቱ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል፤ ጥፍሩ ይጠቁራል። ተረከዙ እየተነሳ ሲወርድ ውኃ ይቋጥራል። ሲታጠፍ ደግሞ ጫማው ወደ አንድ ወገን፣ እግሩ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ካልሲ መደረብም ክፍተቱን ይሸፍናል እንጂ መንሸራተቱን አያስቆምም።

ጠባቡም አይሻልም። «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለው የሻጭ ቃል ለተፈጥሮ ቆዳ በመጠኑ እውነት ነው፤ ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለቃል። ርዝመቱ ግን አይጨምርም። ሰው ሠራሹ ደግሞ ወደ ጎንም ብዙ አይለቅም።

ታዲያ እንዴት ይመረጣል? እግር በቀን ውስጥ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል። ለጨዋታ የሚደረገው ካልሲ ተይዞ ይሄዳል። ሁለቱም እግሮች ይለካሉ፤ የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣልና በትልቁ ይወሰናል። በረጅሙ ጣትና በጫማው አፍንጫ መካከል ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይበቃል። ክሩ ጠብቆ ታስሮ ሲራመዱ ተረከዝ መነሳት የለበትም። አንድ ቀላል ዘዴም አለ፤ የውስጡን ገበር አውጥቶ በላዩ መቆም። እግር በጎኑ ከተረፈ ጫማው ጠባብ ነው፤ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም። ቁጥሩን ብቻ ማመን ደግሞ አያዋጣም፤ የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

ሜዳውም መታየት አለበት። እ.ኤ.አ በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በርን ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ምዕራብ ጀርመኖች በብሎን የሚቀየር ጥርስ ባለው ታኬታ ረዘም ያለውን አስረው ገቡ፤ በጭቃው ላይ ሀንጋሪን 3ለ2 አሸነፉ። ድሉ የታኬታ ብቻ አልነበረም፤ ጥርስ ለሜዳው መመረጡ ግን ጠቅሟል። ያው ረጅም ጥርስ በበጋው ደረቅና ጠጠራማ ሜዳ ላይ አይገባም፤ ግፊቱን መልሶ ለውስጥ እግር ይሰጣል። በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ደግሞ ይነክስና እግር ሳይዞር ሰውነት ይዞራል፤ ተጎጂው ጉልበት ነው። ለሁለቱም አጫጭርና በርከት ያሉ ጥርሶች ይሻላሉ።

«ይሄ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። መለካት አያስከፍልም። ያገለገለ ታኬታ የሚገዛም ቢሆን ተረከዙ ያልላላ፣ ጥርሶቹ በአንድ ወገን ብቻ ያላለቁ መሆኑን ማየት ይችላል። ለእግር የሆነ ርካሽ ታኬታ እግር ከሚያቆስል ውድ ታኬታ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ኃላፊነቱ የታዳጊ ቡድኖችና የአሰልጣኞች ነው። ለሃያ ልጅ በግምት ቁጥር ጭኖ ማደል ስጦታ ሊመስል ይችላል። ግን ከግዢው በፊት የእያንዳንዱን ልጅ እግር ወረቀት ላይ አስቁሞ በእርሳስ መክበብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በተለይ ከ8 እስከ 14 ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች የተረከዝ አጥንታቸው ገና እያደገ ስለሆነ «ተረከዜን አመመኝ» ሲሉ «ለምዶብህ ነው፣ ሩጥ» ተብሎ መታለፍ የለበትም። መጀመሪያ ጫማው ይታይ፤ ሕመሙ ካልተወ ሐኪም ይየው።

ኳስ የሚችል ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። በ15 ዓመቱ እያነከሰ ሜዳ የሚለቅ ልጅ ግን ችሎታ አጥቶ ላይሆን ይችላል። ምናልባት አንድም ሰው እግሩን ለክቶለት አያውቅም ይሆናል።