በሣቋ የምትፈረድ ልጅ

ልጃገረድ በአደባባይ ስትሥቅ ከታየች፥ ምን እንዳሣቃት ሳይጠይቅ በጠባይዋ ላይ የሚፈርድ ሰው በአገራችን አይታጣም። ለፍርዱም ምስክር አድርጎ የሚጠራው ፊልምን ነው። «ሴቶች ልጆቻችንን ያበላሸው የፈረንጅ ፊልም ነው» ሲል እንሰማዋለን። እኛ ይህን ክስ አንቀበለውም።

ክሱ አዲስ አይደለም። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በከተማችን በጐንደርም ጣልያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ. ም. በቆየበት ዘመን ሲኒማ ቤት ሠርቷል። ዛሬ ደግሞ ፊልም በእጅ ስልክ ይታያልና ክሱ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ በየቤቱ ገብቷል። እንግዲህ ከሳሾች አጥብቀው ከሚነቅፉት ወገን አንዱን ፊልም እንመርምር።

«ኢት» የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም በ1919 ዓ. ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር በ1927) በአሜሪካ የታየ ነው። የተጫወተችበት ክላራ ቦው በብሩክሊን ከድኃ ቤተ ሰብ የተወለደች ነበረች። በፊልሙ ቤቲ ሉ የምትባል የመደብር ሻጭ ሆና የመደብሩን ጌታ ትወዳለች፤ ለእራት ስትጋበዝም የማታ ልብስ ስለሌላት የሥራ ቀሚሷን በመቀስ ቈርጣ ታሳምረዋለች። እስከዚህ አይቶ የተነሣ ሰው «ባለጌ» ይላት ይሆናል። ነገር ግን ይቀመጥ። የታመመች ጓደኛዋን ሕፃን ሊወስዱ ሰዎች በመጡ ጊዜ፥ ቤቲ ሉ «ልጁ የእኔ ነው» ብላ ታስጥላለች። ወሬው ይዛመታል። ጌታውም ሳይጠይቃት ያምናል፤ በጋብቻ ፈንታ ጌጥና ልብስ ሊሰጣት ያስባል። ድኃዪቱ ልጅ ግን እምቢ አለች።

በዚህ ታሪክ ያጠፋው ማን ነው? የሣቀችው ናት ወይስ ያልጠየቀው? አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገሉ ጐፈሬ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ንቁ ሴት ከባሕር ማዶ የመጣች እንግዳ አይደለችም። የቋራዪቱ እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ. ም. ሲሞቱ ከሕፃን ልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው አገር መርተዋል። ሐሜት እርሳቸውንም አላለፈም፤ ይሁን እንጂ ዛሬ የሐሜተኞቹን ስም የሚያውቅ የለም፥ የቍስቋም ቤተ መንግሥታቸው ፍራሽ ግን ይታያል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ሰው ቍስቋም ወጥቶ ይበለው።

ፊልም ሁሉ መልካም ነው አላልንም። ያልነው ወሬ ከፊልም ይልቅ ይገድላል ነው። ከወገራ ወይም ከደባርቅ ወደ ጐንደር ወርዳ፥ ጠባብ ቤት ተከራይታ፥ ከቤቷ በተላከላት እህል የምትማር ልጅ አለች። «ፊልም ስታይ ተገኘች፤ ከወንድ ጋር ሣቀች» የሚለው ቃል ደጋውን ወጥቶ አባቷ ዘንድ ሲደርስ፥ ልጂቱ ትጠራለች፤ ደብተሯም ይታጠፋል፤ ሽማግሌም ይላካል። የቤቲ ሉ ጌታ በመጨረሻ እውነቱን ሰምቶ ታርቋታል። የእኛዪቱ ልጅ እውነት ቢሰማ እንኳ የቀረባትን ዓመት የሚመልስላት የለም።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፥ ልጅህን ከመጥራትህ በፊት ወሬውን ያመጣልህን ሰው ጥራና፥ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብለህ ጠይቀው።