ከፊርማ በፊት ማወቅ

በአብነትና በአካባቢው የሚኖር ሠርቶ አደር በሰፈሩ አጠራር «ኮካ» የሚባለውን የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ አሳምሮ ያውቀዋል። ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ በጠርሙስ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959፣ በድሬዳዋ ደግሞ በ1965 ነው። ሁለቱ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1975 በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1996 ተመልሰው ወደ ግል ባለሀብቶች ተዛወሩ። ሕንፃው፣ መሣሪያውና አስተዳደሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ አንድ ነገር ግን ከባለቤቱ እጅ አልወጣም፤ እርሱም ስሙ ነው። ሠራተኛው ጉልበቱን፣ ምድሪቱ ውኃዋን ይሰጣሉ፤ የስሙና የቅመሙ ጌታ ግን ባሕር ማዶ ነው።

ይህን የመሰለው ግንኙነት ዛሬ በንግዱ ዓለም ሰፍቶ ፍራንቻይዝ እየተባለ ይጠራል። የታወቀ የንግድ ስም ባለቤት ስሙን፣ ምልክቱንና የአሠራር ዘዴውን በክፍያ ለሌላ ነጋዴ ይሰጣል፤ ተቀባዩ በራሱ ገንዘብ ሱቅ ይከፍታል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ከሽያጩም ድርሻ ይከፍላል። ኪሳራውን የሚሸከመው ተቀባዩ ሲሆን ደንቡን የሚያወጣው ሰጪው ነው። እኛ ይህን ዘዴ በጅምላ አናወግዝም፤ ሥራ ይከፍታል፣ ሙያም ያስተምራል። የምናነሳው ጥያቄ፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል አውቀው ይፈራረማሉን? የሚለው ነው።

ሕጋችን በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ተራምዷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ፍራንቻይዝን በስም ጠርቶ በምዝገባ ሥርዓት ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ተገቢ ነው፤ ስውር ውል ለማንም አይበጅምና። ይሁን እንጂ መመዝገብና መግለጽ ለየቅል ናቸው። መዝገብ የሚይዘው ያለቀውን ውል ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተዋዋለ ያሳያል። ስም ሰጪው የሒሳብ አቋሙን፣ የተከሰሰባቸውን ጉዳዮችና የተዘጉ ቅርንጫፎቹን ከፊርማ በፊት ዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲያስረክብ የሚያስገድድ ሥርዓት ግን በአዋጁ አልተዘረጋም።

አንዳንዶች «በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በተንኮል የተደረገ ውል እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ ሌላ ሕግ ምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። መፍቀዱ እውነት ነው። ነገር ግን የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በተታለለው ላይ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቆመውም የዕቁቡ ገንዘብ ካለቀ፣ የቤቱ ኪራይ ከተጠራቀመና ሠራተኞቹ ከተበተኑ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ይህ ሥርዓት በተስፋፋበት በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ሕግ ምዝገባንና መግለጽን አጣምሮ ደነገገ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ1978 ለመላ አገሪቱ ደንብ አወጣ፤ በ2007 አሻሻለው። በዚህ ደንብ መሠረት ስም ሰጪው 23 ዐበይት ነጥቦችን የያዘ ሰነድ ከፊርማ ወይም ከክፍያ ቢያንስ 14 ቀናት አስቀድሞ ማስረከብ አለበት። ከሥራው የወጡ የቀድሞ ተቀባዮች ስም ሳይቀር በሰነዱ ይገኛል፤ ሊገባ ያሰበ ሰው የወጣውን እንዲጠይቅ ማለት ነው። በአህጉራችንም ደቡብ አፍሪካ 14 ቀናት አስቀድሞ እንዲገለጽ ከማዘዟም በላይ፣ ተቀባዩ ከፈረመ በኋላ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን ያለ ቅጣት እንዲተው ትፈቅዳለች።

«ብዙ ግዴታ ባለሀብትን ያሸሻል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። በአሜሪካ ይህ ንግድ ከነግዴታው እየተስፋፋ መሄዱ ለዚህ በቂ መልስ ነው። እንዲገለጽ የሚጠየቀው የቅመሙ ምሥጢር ሳይሆን ክፍያው፣ ክሱና ኪሳራው ነው። ቅን ነጋዴ ይህን በመግለጹ የሚያጣው ነገር የለም።

ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. በአንድ የአገር ውስጥ ኩባንያ አማካይነት በአዲስ አበባ ተከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከልሎ የነበረውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። ታላላቅ ስሞች ውል ይዘው ሲመጡ ጠበቃ የቀጠረው ትልቅ ኩባንያ ራሱን ይጠብቃል። ቁጠባውን አጠራቅሞ ትንሽ ቅርንጫፍ ለመክፈት የሚነሳው የሰፈራችን ሰው ግን ከሕግ በቀር ጠበቃ የለውም። ሱቁ ሲዘጋ ደመወዙ መጀመሪያ የሚቋረጠው ሠራተኛም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ የምዝገባው ሕግ ከፊርማ በፊት መግለጽን እንዲያካትት፣ የተቀባዩም የማሰቢያ ጊዜ እንዲከበር እንጠይቃለን። ሕጉ እስኪሟላ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮች፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት አባሎቻቸውን ያንቁ። ከአባላቱ አንዱ እንዲህ ያለ ውል ሲቀርብለት የሒሳብ መግለጫውን ይጠይቅ፤ ቀድሞ ከገቡትና ከወጡት ሰዎች ጋር ይነጋገር፤ ያልተነበበለትን ገጽ አይፈርም። የላብ ዋጋ የሆነ ገንዘብ በጭፍን ውል ሊባክን አይገባም!