መድንና የኩላሊት እጥበት
የጤና መድን ፖሊሲ የሕክምና ቴክኖሎጂ ለማን፣ የትና በምን ያህል መጠን እንደሚውል እንደሚወስን የአሜሪካ የኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደምን በማሽን የማጣራት ሕክምና፣ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሲያትል ከተማ ማሽኖቹ ጥቂት ስለነበሩ ማን እንደሚታጠብ፣ ማለትም ማን በሕይወት እንደሚቆይ፣ የሚመርጠው ኮሚቴ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሕግ ግን ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን ዕድሜ ሳይለይ ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመ አብዛኞቹ ሕሙማን እንዲከፍል በማድረጉ ያ ጭካኔ የተሞላበት ምርጫ ቀረ፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የክፍያው ሥርዓት ለእጥበት ማዕከላት ይበልጥ ስለተመቸ በቤት የሚታጠቡ ሕሙማን ድርሻ አሽቆለቆለ። ከሁሉ የሚያሳስበው የኤፖ ጉዳይ ነው፦ ይህ የደም ማነስን የሚያክም መርፌ በተናጠል ሲከፈልበት በብዛት ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዋጋው ከእጥበቱ ጋር በአንድ ጥቅል ክፍያ ሲጠቃለል ግን፣ የደኅንነት ማስጠንቀቂያዎችም ታክለውበት፣ የሚሰጠው መጠን በእጅጉ ቀነሰ።