የማረሻው ብረት ከየት ይመጣል?

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ላይ «ማ» የሚለውን ፊደል ስናስተምር ሰሌዳው ላይ «ማረሻ» ብለን ጻፍን። አንዲት እናት እጃቸውን አነሡና፣ «ልጆቼ፣ ማረሻውንስ እናውቀዋለን። ብረቱ ከየት ይመጣል?» አሉን። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ እነሆ።

ብረት ከመሬት የሚወጣው ድንጋይ ሆኖ ነው። ድንጋዩ ከከሰል ጋር እቶን ውስጥ ይገባል። በወናፍ ይነፋል። በኃይል ሲግል ብረቱ ከድንጋዩ ይለያል። ይህ ማንጠር ይባላል። ያገራችን ብረት አንጣሪዎች ጥበቡን ከጥንት ያውቁታል። «ቀጥቃጭ» እያለ ሰው ቢንቃቸውም፣ ማረሻና ማጭድ የሰጡን እነሱ ናቸው።

ችግሩ ሸክሙ ነበር። ድንጋዩም ከሰሉም የሚመጣው በሰው ጀርባና በአህያ ነው። ጫካው ሲያልቅ ከሰሉ ይርቃል። ከሰሉ ሲርቅ እቶኑ ይበርዳል።

የሸክምን ነገር የመቅደላ ጎረቤት አምባሰል ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው ሰው እየጎተተው፣ ወራት ፈጅቶ ነው።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሸክም ባቡር ተረከበው። ቦልኮውና ቮን የተባሉ ሁለት ሰዎች ሚድልስብሮ በምትባል ከተማ የብረት ፋብሪካ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1846 የማንጠሪያ እቶን የሠሩት ግን የድንጋይ ከሰሉ በሚቀርብበት በዊተን ፓርክ ነው። ብረት ያለበት ድንጋይ በመርከብ ሚድልስብሮ ይደርሳል። ከዚያ በባቡር ወደ እቶኑ ይሄዳል። የተነጠረውም ብረት በባቡር ተመልሶ ይመጣል። መንገዱ ከሐይቅ ደሴ ካለው ይረዝማል። በዚያን ጊዜ አንዱ የከሰል ፉርጎ 27 ኩንታል ያህል ይይዝ ነበር። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ቢጭን፣ ይህ የ54 አህያ ጭነት ነው።

ባቡርም ቢሆን በነጻ አይሄድም። እንዲህ ያለው ድንጋይ 3 ኩንታል ቢነጠር ከ1 ኩንታል የሚያልፍ ብረት አይወጣውም። ምልልሱ ትርፉን በላው። እ.ኤ.አ. በ1850 ግን ከሚድልስብሮ አጠገብ፣ ከኤስተን ኮረብታ፣ ብረት ያለበት ድንጋይ ተገኘ። ወዲያው አጭር ሐዲድ ዘረጉለት። እቶንም እዚያው ከተማው አጠገብ አቆሙ። ከዚያ ወዲያ ባቡር ከሩቅ የሚያመጣው ከሰሉን ሆነ።

ዛሬ የኛ አገር ቀጥቃጭ ማረሻ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ካሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ያ ብረት ሩቅ አገር ተነጥሮ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። እናታችን፣ ማረሻ ሲገዙ የሚከፍሉት ለብረቱ ብቻ አይደለም፤ ለመንገዱም ጭምር ነው።

ሒሳብ፦ 10 ፉርጎ ስንት ኩንታል ይይዛል? በአህያ ቢሆንስ ስንት አህያ ያስፈልጋል? ቤት ሠርታችሁ ኑ።