ጥይቱ ወዴት ይሄዳል?
በቆቦ ሜዳ ለከርከሮ አደን መሣሪያ ስለ መምረጥና ስለ መዘጋጀት

የገበሬ ጭንቀት ዝናም በመጣ ጊዜ አያልቅም። በራያ ቆላ፣ ይልቁንም በቆቦ ሜዳ፣ ማሽላው እሸት ከሆነበት ቀን አንሥቶ ዛላው ተቆርጦ አውድማ እስኪገባ ድረስ ባለ እርሻው ወንጭፉን ይዞ በማማ ላይ ይውላል፤ ያድራልም። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ማታና ንጋት ከርከሮ ይመጣበታል። ወፍ ዛላውን ትለቅማለች እንጂ አገዳውን አትሰብርም፤ ከርከሮ ግን አገዳውን ጥሎ ይበላል፣ ከሚበላውም የሚረግጠው ይበዛል። በመዝሙረ ዳዊት ስለ ጠፋው የወይን ቦታ በሚነገርበት ስፍራ የዱር እሪያ ከአጥፊዎች ጋር መቈጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን አጥፊ የሚመልሰው ጠመንጃ በማማው ላይ በሚያድረው ድኻ እጅ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በባለጸጋው ቤት ተሰቅሎ ይገኛል እንጂ። ባለ ጠመንጃውም ለከርከሮ ጥይት ማውጣት ኪሳራ ይመስለዋል። ሥጋውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም። በቀድሞ ዘመንም አንበሳና ዝሆን የገደለ ሰው ይሸለምና ይፎክር ነበር እንጂ ስለ ከርከሮ ግዳይ የከበረ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በሠርግ ቀን ወደ ሰማይ የሚተኰስ ጥይት ሲገኝ ለድኻው ማሽላ የሚተኰስ ይጠፋል። ይህ ነገር ለባለ ሥልጣንም ለባለ ሀብትም ነውር ነው።

ሆኖም ጠመንጃ አንሥቶ መውጣት ብቻውን ረድኤት አይሆንም። ሳይዘጋጅ የወጣ ሰው ከርከሮውን ስቶ ጎረቤቱን ሊገድል ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ አደን የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጠመንጃው ምን ያህል እንደሚገድል ነው። ሊጠይቅ የሚገባው ግን ጥይቱ ከከርከሮው አልፎ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

አስቀድሞ አጥፊውን ለይቶ ማወቅ ያሻል። ከርከሮና የዱር አሳማ በስም ይምታታሉ እንጂ ሁለት አራዊት ናቸው። ከርከሮ በፊቱ ላይ ኪንታሮት የመሰለ ሥጋ የወጣበት፣ ጠጕሩ የሳሳ፣ ሲግጥ በፊት እግሮቹ የሚንበረከክ፣ ሲሮጥ ጅራቱን እንደ ዘንግ የሚያቆም ነው፤ ቀን ይሰማራል፣ ሌሊት ጕድጓድ ይገባል። የዱር አሳማ ግን ጠጕራም ነው፤ በመንጋ ሆኖ ሌሊት ይሄዳል። ከርከሮም ቢሆን ብዙ የተሳደደ እንደ ሆነ ልማዱን ወደ ሌሊት ይለውጣል። ጃርትም በሌሊት ገብቶ ያጠፋል። ስለዚህ ጧት በእርሻው ዳር ኮቴው ሳይታይ አደን አይታዘዝ። የከርከሮ ኮቴ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ የጃርት ግን ጣትና ጥፍር ያሳያል።

ከዚህ ቀጥሎ የመሣሪያው ምርጫ ይመጣል። ከአያት የተወረሰ ውጅግራ ያለው ሰው በክብር ያስቀምጠው። ይህ ጠመንጃ በ1874 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የወጣው ግራ የተባለው ጠመንጃ ነው፤ በዓድዋ ዘመን ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ዛሬ ግን ጥይቱ ያረጀ ስለ ሆነ ለቅርስ እንጂ ለአደን አይሆንም። ምንሽርና ማውዘር አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ስለሚተኩሱ ተኳሹን አስተዋይ ያደርጉታል፤ ነገር ግን ጥይታቸው ከሦስት ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል። ክላሽንኮቭ 7.62 ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር ጥይት ይተኩሳል፤ በ100 እርምጃ ውስጥ ለከርከሮ ይበቃል። ጉዳቱ ያለው በተከታታይ ሲተኰስ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት አፈ ሙዙን ወደ ላይ እያነሣ ከዒላማው ይወጣል። በዚህ መሣሪያ የሚያድን ሰው በነጠላ ተኩስ ላይ ያድርገው፤ አንድም ጊዜ በተከታታይ አይተኩስ።

በማሽላ መካከል ከሁሉ የሚሻለው ሁለት አፈ ሙዝ ያለው፣ እርሳሱ የሚበተን የአደን ጠመንጃ ነው። 12 ቍጥር ሆኖ ታላላቅ እርሳስ የጐረሰ እንደ ሆነ እስከ 30 እርምጃ ድረስ በርትቶ ይመታል፤ ከዚያ ወዲያ ኃይሉ ይደክማል። በሌላ አገር ይህ መድከም እንደ ጉድለት ይቈጠር ይሆናል፤ ሰው በየማማው ላይ ባለበት ሜዳ ግን ትልቅ በጎነት ነው። ደቃቁ የወፍ እርሳስ ግን አውሬውን ያቈስለዋል እንጂ አይገድለውምና አይጠቅምም።

የቆቦ ሜዳ ከዞብል ተራራ በስተ ምዕራብ የተዘረጋ ለጥ ያለ አገር ነው። የራያ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ከአገዳው ወዲያ ያለ ሰው አይታይም፤ አገዳውም ጥይት አያቆምም። ስለዚህ በምድር ላይ ቆሞ ወደ ማሽላው ውስጥ መተኰስ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ተኳሹ ማማ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ይተኩስ፤ ያን ጊዜ የሳተው ጥይት አፈር ውስጥ ይቀራል። ወይም በጎሊናና በሆርማት ወንዞች ዳር፣ ገደሉ ከአውሬው በስተ ኋላ በሚሆንበት ስፍራ፣ ከርከሮው ወደ እርሻው ሳይገባ በቀን ብርሃን ይጠብቀው።

ጀማሪው ወደ አደኑ ሳይሄድ አስቀድሞ እጁን ይፈትን። በ50 እርምጃ ላይ አንድ ስንዝር ስፋት ያለው ክብ ተክሎ አምስት ጥይት ይተኩስ፤ አራቱን ያላገባ ሰው ያን ዓመት ከማማው ጠባቂ ጋር ይቀመጥ እንጂ አይተኩስ። የከርከሮ ጋማ ጀርባውን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ይስታል። ልቡ ያለው በደረቱ ታች፣ ከፊት እግሩ ጀርባ ነው፤ ዓይን ወደዚያ ዝቅ ይበል። የቈሰለ እንደ ሆነ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ደሙን መከተል ይገባል። ወደ ጕድጓዱ የሸሸውን ከርከሮ ግን ማንም በአፉ በኩል አይቅረበው፤ በኋላው ገብቶ ክራንቻውን ወደ ውጭ አድርጎ ይጠብቃልና።

የቀረው የሹሙ ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ የዱር አራዊትንም ማደን ፈቃድ ያሻዋል። ሹሙ ይህን ፈቃድ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በነሐሴ ጠይቆ ይጨርስ፤ እሸቱ ከደረሰ በኋላ ወረቀት መጠየቅ ማሽላውን ማስበላት ነው። ደግሞም ቆቦ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ተኩስ የሰማች አገር ናት። ያልተነገረ ተኩስ በዚያ ሕፃን ያስለቅሳል፣ እናትን ከቤቷ ያስወጣል፣ መሣሪያ የያዘውንም ሁሉ ያስነሣል። ስለዚህ የአደኑ ቀንና ስፍራ አስቀድሞ በገበያ ይነገር፤ ካልተነገረ አደኑ ይቅር።

ተኳሾቹ ጥቂትና የተፈተኑ ይሁኑ፤ የተሰጣቸው ጥይት ይቈጠር፤ ቀለሁም ይመለስ። የጥይቱን ዋጋ ሀብት ያላቸው ይክፈሉት እንጂ በማማው ላይ ባደረው ሰው ላይ አይጫን። የአደኑም ፍጻሜ አራዊቱን ማጥፋት አይደለም፤ ከእርሻው ማራቅ ነው። በአዝመራው ፍጻሜ የሹሙ ምስጋና በወደቀው ከርከሮ ቍጥር አይለካም፤ ማሽላው አውድማ በመግባቱና ማማ ላይ ከወጡት ጠባቂዎች አንድም ሳይጎድል ወደ ቤቱ በመመለሱ ነው።