እውነተኛውን ሳላ ለማዳን የውሸት ሳላ

በአሜሪካ የአጋዘን አዳኞች አንድ የታወቀ ዘዴ አላቸው። ከፕላስቲክ የተሠራ የውሸት አጋዘን ሜዳ ላይ ያቆሙና ራቅ ብለው ያደፍጣሉ። በመራቢያ ወቅት ወንዱ አጋዘን ሌላ ወንድ ግዛቱን የደፈረው ይመስለዋል። ሊዋጋ ሲመጣ ጥይት ወይም ቀስት ይጠብቀዋል። ይህ ብልሃት ነው ወይስ ተንኮል? አዳኞቹ ራሳቸው ይከራከሩበታል።

በአፋር ግን ክርክሩ ቦታ የለውም። በመጀመሪያ፣ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው የአሜሪካው አጋዘን በኢትዮጵያ የለም። በአማርኛ አጋዘን የሚባለው ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ እንስሳ ወገኑ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ የአዋሽ ሸለቆን ሳላ ለመግደል ማታለል አያስፈልግም። የጅቡቲው አውራ ጎዳና ቤቱ ድረስ ገብቷል። መንገዱ ከመተሐራ ወደ አዋሽ ሲሄድ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ስሙን ከሳላ የወሰደው የኢላላ ሳላ ሜዳም እዚያው ዳር ነው። ገዋኔን አልፎ ወደ ሚሌና ሰመራ ሲዘልቅ ደግሞ ያንጉዲ ራሳን ያቋርጣል። መሣሪያና መኪና ያለው ሰው መስኮት ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል።

ስለዚህ ማታለያው መቆም ያለበት ለእንስሳው ሳይሆን ለተኳሹ ነው።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ሕገ ወጥ አዳኞችን የሚይዙት በዚሁ ዘዴ ነው። በእውነተኛ ቆዳ የተሸፈነ፣ በሪሞት ጭንቅላቱንና ጭራውን የሚያንቀሳቅስ የውሸት አጋዘን መንገድ ዳር ያቆማሉ። ከመኪናው ሆኖ የተኮሰ ሰው ከቁጥቋጦው በሚወጡ ጠባቂዎች እጅ ከፍንጅ ይያዛል።

ዘዴው ለአዋሽ ሸለቆ የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንደ ተለመደው አሠራር ከሆነ ስካውቱ ማስረጃ የሚያገኘው እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው። ተኳሹ ያን ጊዜ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቋል። ሳላ ደግሞ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች አንዱ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኢ.አ.) ከሰንቀሌ ወደ አዋሽ ፓርክ የተወሰዱት ቆርኬዎች እዚያ ዘር ሳይተኩ ቀርተዋል። ከሞተ በኋላ በሚገኝ ማስረጃ ዝርያ አይድንም።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም ግን በሚታሰሩት ሰዎች ቁጥር አይለካም። አፋር ዳጉ አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይለዋወጡ አይለያዩም፤ ወሬው ከሞባይል ኔትወርክ ቀድሞ የሚደርስበት ቀበሌ አለ። አንድ ሰው የውሸት ሳላ ተኩሶ መያዙ በገዋኔ ከተሰማ ሰመራ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር የቆመ ሳላ ሁሉ አጠራጣሪ ይሆናል። «ከኋላው ሰው ይኖር ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ጣትን ከቃታ ያነሣል። አንድ የእንጨት ሳላ ብዙ እውነተኛ ሳላዎችን የሚጠብቀው በዚህ መንገድ ነው።

ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። «ሰውን ወደ ወንጀል መገፋፋት ነው» ሊባል ይችላል። ነገር ግን የቆመ ቅርጽ ማንንም አይገፋፋም። ሕግ አክባሪው ወይ አይቶ ያልፋል፣ ወይ ፎቶ ያነሣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 29 እንደሚለው፣ ሙከራው ሊፈጸም በማይችል ነገር ላይ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያለ ገደብ ሊያቀልል ይችላል። የእንጨት ሳላ አይሞትም። ጠበቃው ይህን አንቀጽ ይዞ ይቀርባል። ስለዚህ የዱር እንስሳት ሕግ በማታለያ ቅርጽ ላይ መተኮስን ራሱን የቻለ ጥፋት አድርጎ በግልጽ ሊደነግግ ይገባል። አለበለዚያ ስካውቶቹ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ውለው የያዙት ሰው በማስጠንቀቂያ ይወጣል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በዚያ በረሃ መሣሪያ የያዘ ሰው ብዙ ነው። ተኳሽን ከቁጥቋጦ ወጥቶ መያዝ ወደ ተኩስ ልውውጥ፣ ከዚያም ወደ ደም ሊያመራ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ታቅዶ በስካውት ብቻ የሚፈጸም ዘመቻ ለዚህ አይሆንም። የጎሳ መሪዎች ቀድመው ሊመክሩበት፣ የአፋር ባህላዊ ሕግ የሆነው መዓዳም ነውሩን በራሱ ቋንቋ ሊናገርበት ይገባል። ቅርጹም መቆም ያለበት የአካባቢው አርብቶ አደር ግመሉን በሚያሰማራበት ስፍራ ሳይሆን በአውራ ጎዳናው ዳር ነው። የሚፈለገው ከመኪና የሚተኩሰው መንገደኛ ነውና።

የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና የአፋር ክልል በአንድ የመንገድ ክፍል ላይ ሊሞክሩት ይችላሉ። እንጨት፣ ቆዳ፣ ጥቂት የሠለጠኑ ስካውቶችና አንድ ግልጽ አንቀጽ ይበቃል። ሳላው ካለቀ በኋላ ግን ሜዳው ላይ የሚቀረው የውሸቱ ብቻ ይሆናል።