ድሪቶ ስድብ ነውን?

«ግጥሙ ድሪቶ ነው» ስንል ገጣሚውን መንቀፋችን ነው፤ ከዚህም ከዚያም ለቃቀመ ማለታችን። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ሰሞኑን ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ዳግም መርፌ ስጨብጥ፣ ቃሉን ለነቀፋ ማዋል ከበደኝ።

ልጅ ሳለሁ ቀራንዮ፣ እናቴ ያረጀ ጋቢና የተቀደደ ሸሚዝ ደራርባ ስትደርት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማሾልክላት እኔ ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ተውሁት… እውነቱን ለመናገር አፈርሁበት። አሁን ስመለስ ያልታጠበ አዲስ አቡጀዲ ባረጀ ነጠላ ላይ ሰፋሁ። ሲታጠብ አቡጀዲው ተኮማተረ፤ ነጠላውንም ስቦ ቀደደው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለውን የእራፊ ምሳሌ ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ የገባኝ በጣቴ ነው!

እንግዲህ የደካማ ግጥም ጥፋቱ መለቃቀሙ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ጥፋቱ በወጉ አለመሰፋቱ ነው። ጥሩ ደራች የትኛው ጨርቅ የትኛውን እንደሚሸከም ያውቃል። (ደረሰና ደረተ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል አይደል?)

በአሜሪካ አላባማ፣ ጂስ ቤንድ በተባለች የገጠር መንደር ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ድሪቶዎች በ2002 እ.ኤ.አ. በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቀሉ፤ በ2006 ደግሞ በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ። ይህን ማንሣቴ ድህነትን ለማስዋብ አይደለም። እነርሱም አስቀድመው የሰፉት ለብርድ ነው።

ባለፈው እሑድ ሥራዬን ለእናቴ አሳየኋት። ፊቱን አላየችም፤ ገልብጣ ስፌቱን ከጀርባው መረመረች። «እዚህ ጋ ፍታው» አለችኝ።